በማን ቁና?

አያቴ እህል ልትሸምት ገበያ ስትወጣ ከዋጋው በፊት የምትጠይቀው ስለ መስፈሪያው ነበር። «በማን ቁና ነው?» ትላለች። ቁና ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ስሙን ብቻ ሰምታ የተስማማች ሸማች እቤቷ ገብታ ስትሰፍረው ይጎድልባታል።

እኔ የምተዳደረው በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ ብዙ እጅ ያለፈበት ትልቅ ኮድ በመጠገን ነው። የአያቴን ጥያቄ የማልጠይቅበት ቀን የለም። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው ይህ ቋንቋ የቁጥር መያዣዎቹን ልክ ቆርጦ አይናገርም። «ኢንት» ከ16 ቢት አይነስ፣ «ሎንግ» ከ32 አይነስ ይላል፤ የቀረውን ለማሽኑና ለኮምፓይለሩ ይተወዋል። ዛሬ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ «ሎንግ» 64 ቢት ነው፤ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ደግሞ 32።

ይህ ያሰጋው ሁሉ የራሱን ቁና አበጀ። ሲ ውስጥ «ታይፕዴፍ» በሚባል ቃል ለነበረ ዓይነት አዲስ ስም ማውጣት ይቻላል። ለዚያው 32 ቢት አንዱ «ዩ32»፣ ሌላው «ዩኢንት32»፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ «ዲወርድ» አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ስታንዳርድ «ዩኢንት32_ቲ» የሚል የጋራ ስም አመጣ፤ ልኩን ስሙ ላይ የያዘ፣ እንደ ኪሎ የትም የማይለወጥ። እሱ ሲደርስ ግን ቤቱ ሁሉ በየራሱ ቁና ሞልቶ ነበር።

እኛ ቤት «ኤፍሳይዝ» እና «ኤፍሳይዝ_ቲ» የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ነበሩ። ሁለቱም የፋይል መጠን መያዣ ናቸው፤ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ፎልደር፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ያወጧቸው። የፊተኛው 32 ቢት ነው፣ የኋለኛው 64። አንድ ቀን 5,368,709,120 ባይት የሆነ ፋይል ገባ፤ ልክ 5 ጊጋ። ፕሮግራማችን 1,073,741,824 ብሎ መዘገበው። 32 ቢት የሚይዘው 4 ጊጋ አይሞላምና አራቱ ፈሶ አንዱ ብቻ ቀረ። ሦስት ቀን ፈለግኩት። ጥፋቱ ያለበትን መስመር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በግራ በኩል አንዱ ስም፣ በቀኝ በኩል ሌላው፣ መሐላቸው የእኩል ምልክት። አንድ ስም መስለውኝ አለፍኳቸው። ኮምፓይለሩም ዝም አለ። ኮምፓይለራችን ጂሲሲ «ዎል» የሚል አማራጭ አለው፤ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ ስጠኝ እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ከትልቅ ቁና ወደ ትንሽ ሲገለበጥ አይናገርም፤ ያንን «ኮንቨርዥን» በሚለው አማራጭ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል። ስም አምኖ መጎዳት እዚህም አለ።

የሊኑክስ ከርነል ሰዎች የያዙት መንገድ ደስ ይለኛል። የአጻጻፍ መመሪያቸው «ዩ32»ንም «ዩኢንት32_ቲ»ንም ይፈቅዳል፤ የቆየ ኮድ ስትነካ ግን እዚያ ያገኘኸውን ልማድ ተከተል ይላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። የተሻለውን ስም ከማምጣት ይልቅ ቤቱ የለመደውን መያዝ፣ እኔ በማልወደው ስም እንኳ ቢሆን። ስትራክትንና ፖይንተርን በታይፕዴፍ መሸፈንንም አጥብቀው ይቃወማሉ፤ አንባቢ ስሙን አይቶ በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ስሞቹን አንድ እናድርጋቸው ስል አንድ በዕድሜም በሥራም የሚበልጡኝ ባልደረባዬ አልተስማሙም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ካልነካነው ነገም ይደግመናል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የሰው ሥራ ገና ሳይገባ ስሙን ከሥሩ ብትለውጥበት ሁሉም ይጋጭብሃል። ደግሞ ይህን መስመር ማን ጻፈው ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው አንተን ብቻ ይሆናል።»

እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ ፎልደር በፎልደር ሄድንበት፤ ስም የሚለወጥበት ኮሚት ውስጥ ሌላ ምንም ላይነካ ተስማማን። «_ቲ» የሚለውን መጨረሻ ፖሲክስ የተባለው ስታንዳርድ ለራሱ ስለያዘው አዲሱ ስም «ኤፍሳይዝ64» ሆነ። ትርፉ ቶሎ የታየኝ ስፈልግ ነው። ስሙን ጽፌ ሰርች ሳደርግ ሁሉም ቦታ ይመጣልኛል። «ፀሐይ» ብሎ ፈልጎ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈው ያመለጠው የአማርኛ አንባቢ ይህን ደስታ ያውቀዋል።

አንድ ቦታ ግን አልተቻለም። የውጭ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ሄደር ፋይል አለ፤ እዚያ የገባ ስም የእኛ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ «ደብሊውፓራም» የሚለው ዓይነት በ16 ቢቱ ዘመን «ወርድ» የሚባል የ16 ቢት ዓይነት ስለነበረ በ«ደብሊው» ተሰየመ፤ ዛሬ በ64 ቢት ዊንዶውስ 64 ቢት ሆኖም ስሙ አልወረደም። የእኛም «ኤፍሳይዝ» እዚያው ሄደር ውስጥ ቀረ። ከላዩ አንድ መስመር ኮሜንት ጻፍኩበት፦ 32 ቢት ነው፤ 4 ጊጋና ከዚያ በላይ አትስፈርበት።