የበርሜሉ ላሜራ

አሮጌ መኪና ማደስ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ዝገቱን ጠርጎ፣ ቀለሙን ቀብቶ፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣች አድርጎ ማስረከብ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዥ ከፍቼ በዚህ ሙያ መተዳደር ከጀመርኩ ወዲህ ለደንበኞቼ የምሸጠው ይህንኑ ተስፋ ነው። በአሜሪካ የጥንታዊ መኪና ገበያ ዋጋ የሚተመነው በአንድ ቃል ነው፤ «ኦሪጂናል»። ሞተሯ የራሷ፣ ብሎኗ ሳይቀር የፋብሪካዋ ከሆነ ዋጋዋ ይንራል፤ ሌላ እጅ ከነካት ይወርዳል።

ይህ ሚዛን ከአገራችን በመጣች መኪና ላይ ሲያርፍ ግን የሚያጎድለው ነገር አለ።

በአሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራችውን የአባቱን ቮልስዋገን ከአዲስ አበባ በጅቡቲ በኩል ባልቲሞር ወደብ አስመጣት። 25 ዓመት የሞላት መኪና የአሜሪካን የደኅንነት መመዘኛ ሳታሟላ እንድትገባ ሕጉ ስለሚፈቅድ ወረቀቱ አላስቸገረውም። «አባቴ ሲገዟት እንደነበረች ያድርጉልኝ፤ ከዚያ እሸጣታለሁ» አለኝ።

ቮልስ በእኛ ዘንድ ያላት ስፍራ ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእርሷ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ ዳገት ላይ የሚፈላ ውሃም የላትም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ የመጨረሻዋ ስትሠራ ከ21 ሚሊዮን በላይ እኅቶች ቀድመዋት ነበር። አዲስ አበባ ግን ማምረት ቆመ ብላ መንዳት አላቆመችም።

ምንጣፉን ስናነሣ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ከበርሜል የተቆረጠ ላሜራ አገኘን። ከበርሜሉ ጽሑፍ ጥቂት ፊደላት ይታዩበታል። በመዶሻ ብቻ ተቀጥቅጦ የወለሉን ሽንትር ሁሉ ተከትሏል፤ ብየዳው እንደ ጥልፍ ጠርዝ የተስተካከለ ነው። መታሁት፤ ጽኑ ነው፣ ዝገት አልገባውም።

እዚህ ተወልዶ ያደገው ረዳቴ «ለምን ቆርጠን አንጥለውም? አዲሱ ወለል በፖስታ ይመጣል» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን የሠራው ሰው ግን በፖስታ የሚመጣለት ወለል አልነበረውም። ሙያው ባትላሜራ እንደሚባል ነገርኩት። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ የጀርመኗን መኪና የሚጠግነው ኢትዮጵያዊ ሁሉንም የሚጠራው ከጣሊያን በወረሰው ቃል መሆኑ አስገረመው።

የዉድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻግሬ ሁለት ሒሳብ ይዤ ወደ ደንበኛዬ ሄድኩ። ወለሉ ቢለወጥ የመኪናዋ ዋጋም የእኔም የእጅ ዋጋ ይጨምራል፤ ቢተው ሁለቱም ይቀንሳሉ። «እርስዎ ይወስኑ» አልኩት። በማግስቱ ጋራዥ መጥቶ ተንበርክኮ ላሜራውን ዳሰሰ። «ትምህርት ቤት ስሄድ እግሬን የማሳርፈው እዚህ ላይ ነበር» አለና ዝም አለ። ቆይቶም «ተዉት» አለኝ።

ተውነው። ዝገት እንዳያገኘው ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ቀባነው። የቀረው ሁሉ እንደ ፋብሪካው ሆነ። ገማቹ ስለ ላሜራው ከዋጋዋ ቀነሰ፤ ባለቤቷም አልሸጣትም። ዛሬ የቨርጂኒያ የጥንታዊ መኪና ሰሌዳ ለጥፋለች። ሰሌዳው ለትርኢትና አልፎ አልፎ ለሽርሽር እንጂ በየዕለቱ ሥራ ለመመላለስ አይፈቅድም። ዕድሜዋን ሙሉ ስታገለግል የኖረች መኪና በስተርጅና ሥራ ተከለከለች።

«ኦሪጂናል» ማለት የፋብሪካው እጅ ብቻ ከሆነ፣ ያቺን መኪና ለዚህ ዕድሜ ያበቃት ሰው እንደ ጉድለት ይቆጠራል ማለት ነው። በዚህ አልስማማም። ፋብሪካው አንድ ጊዜ ሠራት፤ በሕይወት ያቆዩዋት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ከአገር ቤት የመጣች መኪና ጋራዤ ስትገባ በሥራ መዝገቤ ሁለት ዓምድ አሰምራለሁ፤ በአንዱ ከፋብሪካ የወጣችበትን፣ በሌላው ከዚያ ወዲህ የተሠራላትን እጽፋለሁ። የባትላሜራውን ስም ስለማላውቅ በሁለተኛው ዓምድ «ወለል፦ በበርሜል ላሜራ የተጠገነ፣ አዲስ አበባ» ብዬ አስፍሬአለሁ።