ቱሪስትና ዜጋ

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አንዱ የጀርመን፣ አንዱ የኢትዮጵያ። ኮምፒውተሩን አየት አደረገና «የያዛችሁት ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ ትክክል ነው?» አለን በእንግሊዝኛ።

«ትክክል ነው» አልኩት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ፈጥኜ።

በርሊን ቤታችን ያለው አልጋ አንድ ነው። ዛንዚባር ላይ ሁለት እንዲሆን የወሰንኩት እኔ ነኝ። እሱ «ለዕረፍት ነው የምንሄደው ወይስ ለድራማ?» ብሎኝ ነበር። እኔ ድራማውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሠራው ስለኖርኩ ብዙም አልከበደኝም።

ልጁ ፓስፖርቴን ሲገልጥ ፊቱ በራ። «ኢትዮጵያ! ንዱጉ!» አለኝ። ንዱጉ በስዋሂሊ ወንድም ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ እሱ «ሰር» ነበር፣ እኔ ደግሞ «ወንድም»። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ኮድ ጽፌ፣ ከአራት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ በርሊን ሄድኩ። እሱን እዚያ አገኘሁት። ለቤተሰቤ ስለ እሱ ሳወራ «ጓደኛዬ» ነው የምለው። አማርኛ ውለታ የዋለልኝ በዚህች ቃል ነው፤ ውሸት አይደለችም፣ እውነቱንም አታወጣም። አገር ቤት እንደኔ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩባት ሌላም ቃል አለች፦ «ዜጋ»። ካፌ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ብትሏት ማንም ዞር ብሎ አያይም። ሌሎቹን ቃላት ታውቋቸዋላችሁ፤ አልጽፋቸውም።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ከመሄዳችን በፊት፣ ያው የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሦስት ዓምድ፦ ሕጉ ምን ይላል፣ በተግባር ምን ይሆናል፣ እኛ ምን እናደርጋለን።

የመጀመሪያው ዓምድ ለመሙላት ቀላል ነበር። ታንዛኒያ ውስጥ በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ከ30 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ያሳስራል። ዛንዚባር የራሷ ፕሬዚዳንትና የራሷ የወንጀል ሕግ ስላላት ቅጣቷ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን እሱም እስር ነው። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው።

ሁለተኛው ዓምድ ላይ ነገሩ ተምታታብኝ። ደሴቷ የምትኖረው በቱሪስት ነው። እንደኛ ያሉ ብዙ ጥንዶች ሄደው፣ ዋኝተው፣ አሣ በልተው፣ ማንም ምንም ሳይላቸው ተመልሰዋል። ማንም የማይላቸው ግን ማንም ምንም እስካላየ ድረስ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ዓምድ በ«አይደረግም» ተሞላ። መንገድ ላይ እጅ ለእጅ መያያዝ አይደረግም። መንደር ውስጥ በዋና ልብስ መሄድ አይደረግም፤ ይሄኛው እንኳን ለሁሉም ቱሪስት ነው፣ ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ ይባላል። ስልክ ላይ የመተዋወቂያ አፕ አይኖርም፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰውና የሚጠብቅህ ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉና።

አንድ ነገር ግን የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደማስገባው ጠፋኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ የዳሬሰላም ክልል ኮሚሽነር የነበረው ፖል ማኮንዳ ሕዝቡ የግብረ ሰዶማውያንን ስም እንዲጠቁም በአደባባይ ጠየቀ። መንግሥት «የግሉ አስተያየት ነው» አለ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ዛንዚባር ውስጥ አሥር ወንዶች ተያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንዳሳወቀው ጥርጣሬው የተመሳሳይ ጾታ ሠርግ እያደረጉ ነው የሚል ነበር። የተያዙት የት ነው? ምሥራቁ ዳርቻ ላይ፣ የባሕር ዳር መዝናኛ ውስጥ። እኛ ክፍል በያዝንበት በዚያው ዳርቻ።

በሥራዬ እንዲህ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። አንድ ሲስተም ላይ «ጌስት» ሆነህ ስትገባ የተፈቀደልህን ታያለህ፣ ትወጣለህ፣ ምንም ዱካ አይቀርም። የቤቱ ተጠቃሚ ግን ስም አለው፣ ታሪክ አለው፤ የሚያደርገው ሁሉ ይመዘገባል። ሠንጠረዤን ዘግቼ ትኬት ቆረጥኩ።

የቆረጥነው በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፈውን ነው፤ የሚቀርበውም እሱ ነበር። ስንሄድ ቦሌ አራት ሰዓት ያህል ቆየን። እናቴ ገርጂ ነው የምትኖረው። መንገዱ ክፍት ከሆነ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አልደወልኩላትም። ትራንዚት አዳራሹ ውስጥ ቡና ይዤ፣ ጠዋቱ ሲነጋ በመስታወቱ እያየሁ፣ በአገሬ ላይ አልፎ ሂያጅ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ዛንዚባር ቆንጆ ናት። ይሄን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆናል። ፓጄ ላይ ባሕሩ ጠዋት ጠዋት ርቆ ይሸሽና ሴቶች አሸዋው ላይ የባሕር አረም ሲለቅሙ ታያላችሁ። የአዛን ድምፅ ሲመጣ እኔ ከቅዳሴ ድምፅ ጋር ያደግኩ ሰው ባዳነት አልተሰማኝም። ሰዉ ደግሞ ሰላምታው አያልቅም። ያደግኩበት ሰፈር የመጣሁ እስኪመስለኝ ድረስ፣ ቤተሰብ ተጠይቆ፣ ጤና ተጠይቆ ነው ወሬ የሚጀመረው።

በሦስተኛው ቀን ሾፌር ይዘን ስቶን ታውን ሄድን። ጠባብ ጎዳናዎቿን፣ የተቀረጹ በሮቿን አየን። ከዚያ ቱሪስት ሁሉ የሚሄድበት ቤት ሄድን፦ የፍሬዲ መርኩሪ ሙዚየም። ዘፋኙ እ.ኤ.አ. በ1946 ፋሩክ ቡልሳራ ተብሎ የተወለደው እዚህችው ከተማ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ2006፣ 60ኛ ልደቱን አስታኮ በስሙ የተሰየመ ምግብ ቤት የባሕር ዳር ድግስ አዘጋጅቶ ነበር፤ «ኡዋምሾ» የተባለ የሃይማኖት ቡድን ተቃወመና ድግሱ ተሰረዘ። ሙዚየሙ የተከፈተው በ2019 ነው። ትኬት ቆርጠን ገባን። እሱ ፎቶ ያነሳል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ አስባለሁ፦ ሰውየው ሞቶ፣ ዝነኛ ሆኖ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ቤቱ ተከፈተለት። በሕይወት እያለ፣ ስም የሌለው ሆኖ፣ እዚህ ሰፈር ቢቀር ኖሮስ?

ስንመለስ ጓደኛዬ ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሾፌሩ አምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እኔን ከፊት አስቀምጦኝ «ሚስት አግብተሃል?» አለኝ።

«ገና ነኝ።»

«ኢንሻአላህ» አለ። ጥቂት ዝም ብሎ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። «ብዙ ዓይነት እንግዳ እጭናለሁ። ወንድና ወንድም ይመጣሉ። ክፍላቸው ውስጥ የሚያደርጉትን እኛ አንጠይቅም። እንግዳ የፈጣሪ ነው፤ ነገ ይሄዳል።»

የእግዜር እንግዳ። ቃሉን ከአያቴ አፍ የሰማሁት ያህል ነበር። ልቤ ቀለል ማለት ጀመረ። እሱ ግን አልጨረሰም።

«አንተ የኛው ነህ፣ ይገባሃል» አለኝ። «የኔ ልጅ እንደዚያ ቢሆን እኔ እንኳን ባልነካው ሰፈሩ ይነካዋል። ዝም ካለ ይኖራል። ከተናገረ መሄድ አለበት።»

ክፋት አልነበረበትም። ድምፁ ውስጥ የነበረው ሐዘን ነው። ስለ አንድ የሚያውቀው ልጅ የሚያወራ መሰለኝ፤ አልጠየቅኩትም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ራሴን መነቅነቅ ነው። «ይገባኛል» አልኩት።

ያን መነቅነቅ አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019፣ አዲስ አበባ አዲስ ተቀጣሪ እያለሁ፣ የቺካጎው ቶቶ ቱርስ ግብረ ሰዶማውያን ጎብኚዎችን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ ነው፣ ላሊበላንም ሊያሳያቸው ነው የሚል ዜና ወጣ። የሃይማኖት ማኅበራት መንግሥት እንዲከለክላቸው ጠየቁ። ቢሮ ውስጥ ምሳ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዱ ስለሚደረግባቸው ነገር ቀለደ፤ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሁሉም ሰው «ከውጭ የመጣ ጉድ» ይላል። እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እጄ ላይ ሽሮ ይዤ፣ ከየትም ሳልመጣ ተቀምጫለሁ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የሚያስረው ቱሪስትን ብቻ አይደለም፤ ስለ እኛ የተጻፈ ነው። በዚያን ሰሞን ግን ክርክሩ ሁሉ ስለሚመጡት ነበር። እዚያው ስላሉት ያነሳ አልነበረም፤ እዚያው ያለነውም እየሳቅን ነበር።

በርሊን ያሉ ጓደኞቻችን ከተመለስን ወዲህ «ደህና ነው ወይ? እንሂድ?» ይሉናል። እሱ «ምንም ችግር የለም፣ ሰዉ ደግ ነው» ይላል፤ ልክ ነው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት «ለማን?» ማለት ይቀድመኛል። ለእንግዳ ደህና ነው፣ ዝም ካለና ክፍያውን ከከፈለ። ያ ደኅንነት የውሸት አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ ተኝቼበታለሁ። ግን ከመቀበል ጋር አንድ አድርጌ አላየውም። እንግዳን ዝም የሚሉት ስለሚሄድ ነው። ቁርስ ያመጣልን ከነበረው አስተናጋጆች አንዱ እንደኔ ቢሆን፣ ሁለት አልጋም ቢይዝ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ መተኛት አይችልም ነበር። አትሂዱ አልልም። ስትሄዱ ግን የሆቴሉን ጸጥታ አይታችሁ ስለ አገሩ አትመስክሩ።

ስንመለስ ቦሌ ያረፍነው ማታ ነው። የፍራንክፈርቱ በረራ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነበር። ጓደኛዬን «መጣሁ» ብዬው፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ኢሚግሬሽን አልፌ ወጣሁ። እናቴ መኪና ማቆሚያው አካባቢ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ከዛንዚባር ደውዬ ነግሬያት ነበር። ቅርንፉድ አምጥቼላት ስለነበር ከረጢቱን አሽታ «ይሄማ የሻይ ነው» አለች። አገላብጣ ሳመችኝ፣ ከሳህ አለችኝ። ከዚያ ጠየቀች፦

«ብቻህን ነው የሄድከው?»

«ከጓደኛዬ ጋር።»

«የታለ ታዲያ?»

«ቪዛ ስለሌለው ውስጥ ነው፣ ትራንዚት።»

ምንም አላለችም። ፌስታሉን ከፈተች። ድፎ ዳቦ በፎይል ጠቅልላ አምጥታለች፤ አንድ ትልቅ ጥቅል። አውጥታ እዚያው መኪናው ላይ አስደግፋ ለሁለት ቆረሰችው፤ ግማሹን በሌላ ፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። «ይሄኛው የእሱ ነው» አለች። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቆመን ስለ ዘመድ አወራን። ስለ እሱ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርኩም።

ስሰናበታት ጉንጬን ይዛ «በሰላም ግቡ» አለችኝ።

«ግባ» አላለችም። ምን ማለቷ እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ወደ ውስጥ ስገባ ፖሊሱ ቦርሳዬን ፈትሾ «ሁለት ዳቦ ለአንድ ሰው?» ብሎ ሳቀ።

«የሁለት ሰው ነው» አልኩት።