ይሄ ልጅ እናት የለውም እንዴ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ! ስለ ዘፈን መጻፍ ሥራ ነው?

ይህን ጥያቄ ለሰው ባነሳሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ ሳቅ! «ዘፋኙ ዘፈነ፣ አድማጩ ሰማ፤ መሐል ላይ ጸሐፊ ምን ጥልቅ አደረገው?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ስለ አዲስ አልበም ተጽፎ የምናነበው ምንድን ነው? ግጥሙ የእገሌ፣ ዜማው የእገሌ፣ ቅንብሩ የእገሌ… ይህን ያህል ዓመት ፈጀ፣ ይህን ያህል ብር በላ፣ በአድማጭ ዘንድ ከፍተኛ ተወዳጅነትን አተረፈ… አበቃ! አራተኛው ዘፈን ለምን እንደሚያስተኛ፣ ሰባተኛው ደግሞ ለምን ከእንቅልፍ እንደሚያባንን የሚነግረን ስንቱ ነው? ዘፋኙ ስንት ልጆች እንዳሉት ግን እናውቃለን!

እኔ ሥራም ነው፣ ሥነ ጽሑፍም ነው ባይ ነኝ። ልብ ወለድና ግጥም ከሚደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ቦታ ይገባዋል። ለዚህ ምስክሬ አንድ ፈረንጅ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ እንዳትደናገሩ።)

ሌስተር ባንግስ ይባላል። በ1948 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተወለደ። እናቱ አጥባቂ የይሖዋ ምስክር ነበረች፤ አባቱን ገና በልጅነቱ በእሳት አደጋ አጣ። በ1969 ሮሊንግ ስቶን ለተባለው መጽሔት አንድ ሂስ ላከ። ምን ብሎ መሰላችሁ? ብዙ የተወራለትን የኤም ሲ ፋይቭን አልበም ድምጥማጡን አጠፋው! መጽሔቱም አተመለት። (የሚያስቀው፣ በኋላ ራሱ ያንኑ ባንድ ወድዶት አረፈ።) በ1973 ግን ያው መጽሔት አባረረው። ምክንያቱ ሙዚቀኞችን አያከብርም የሚል ነው። እሱ ምን ቸገረው! ሚሺጋን ውስጥ ይታተም በነበረው ክሪም በሚባለው አፈ ስለት መጽሔት ላይ እንደ ልቡ ይጽፍ ነበር። በ1976 ወደ ኒውዮርክ ገባ፤ በ1982 መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የወሰዳቸው መድኃኒቶች ናቸው የገደሉት፤ አስቦበት እንዳልሆነ ነው የሚታመነው። ዕድሜው 33 ነበር።

ልብ ወለድ አላሳተመም። ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ግሪል ማርከስ የተባለ ሐያሲ ጽሑፎቹን ሰብስቦ መጽሐፍ አደረጋቸው። መግቢያው ላይ ደፋር ነገር ይላል፤ የአሜሪካ ምርጥ ጸሐፊ ከሸክላ ሂስ በቀር ሌላ ነገር እምብዛም ያልጻፈ ሰው ሊሆን እንደሚችል አንባቢው ይቀበል ዘንድ ይጠይቃል። እኔ መጽሐፉን ያገኘሁት ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች ጓደኛዬ ሻንጣዋ ከብዷት ጥላልኝ ስለሄደች ነው። ወደ 400 ገጽ ይጠጋል። ሦስት ሌሊት በላኝ!

ምን አለበት መሰላችሁ? ሰውየው ስለ አልበም ሊጽፍ ይነሣና የት እንደሚያደርሳችሁ አታውቁም። በአንዱ ጽሑፉ ጃጅቶ፣ የልጅ ልጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ስለ ድሮ ባንዶች ያወጋቸዋል። ይህን ሲጽፍ ገና 22 ዓመቱ ነው! እዚያው ውስጥ አንድ የከሰመ ባንድ ከቶ ያልሠራቸውን አልበሞች ከነርዕሳቸው ፈጥሮ ቁጭ ብሎ ይተቻቸዋል። ይህን ልብ ወለድ ካላልነው ምን እንበለው? ሉ ሪድ ከተባለው ሮከር ጋር ደግሞ ቃለ ምልልስ ያደርግና እንደ ሰካራም ወንድማማቾች ይሰዳደባሉ፤ ግን ስድቡ ውስጥ ያለውን ፍቅር አንባቢው ያየዋል። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1977 ሲሞት የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ መብራት አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ነገሩ ስለ ኤልቪስ ብቻ አይደለም፤ ከእንግዲህ ሁሉም ሰው ተስማምቶ የሚወደው አንድ ዘፋኝ አይኖርም፣ እያንዳንዱ ወደየጓዳው ገብቶ የራሱን ይሰማል ነው የሚለው። ዛሬ አንድ ታክሲ ውስጥ ስንት ሰው በየጆሮው የየራሱን ሰክቶ እንደሚሄድ አስቡት።

ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ከሰማይ አልወረደም። በ1966 ፖል ዊልያምስ የሚባል የ17 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ክራውዳዲ የተባለች መጽሔት ጀመረ፤ ሮክን እንደ ቁም ነገር የሚያይ ጽሑፍ የወጣባት የመጀመሪያዋ የምትባለው እሷ ናት። በዓመቱ ሮሊንግ ስቶን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተመሠረተ። ጸሐፊዎቹ በብዛት በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩ ልጆች ናቸው። የሮክ ሂስ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ስለዚህ «እኔ» ብለው ጀመሩ። እኔ ሰማሁ፣ እኔን እንዲህ አደረገኝ፣ እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ…

አሁን ወደ ቤቴ ልውሰዳችሁ።

ታናሽ ወንድሜ የልብ ጓደኛው በድንገት ከሞተበት በኋላ ክፍሉን ዘጋ። ምግብ በር ላይ ይቀመጥለታል፤ አንዳንዴ ይነካዋል፣ አንዳንዴ እንዳለ ይመለሳል። ሥራውን ተወ። ከክፍሉ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሃይብሪድ ቲዮሪ የሚባለው በ2000 የወጣ የሊንኪን ፓርክ አልበም። ከሟቹ ጓደኛው ጋር ትምህርት ቤት እያሉ ባንድ ማዳመጫ፣ አንዷን ለአንተ አንዷን ለእኔ እየተባባሉ የሰሙት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ያው! የባንዱ ድምፃዊ ቼስተር ቤኒንግተን በ2017 ሕይወቱን በገዛ እጁ ማጥፋቱን ሳውቅ ደግሞ የእኔን ፍርሃት አትጠይቁኝ። ሌሊት ሌሊት ተነሥቼ በሩ ላይ ጆሮዬን እለጥፍ ነበር። ጩኸቱ ሲቆም ነበር የሚጨንቀኝ።

«ምን ሆነሃል?» አልነው፤ «ምንም»። ጎረቤቱም ዘመዱም መጣ፤ «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ? በርታ እንጂ!» ተባለ። ዝም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ሮክ የሚባል ነገርም አታውቅም። ድንገት ቢላዋዋን አስቀመጠችና በሩን ገፋ አድርጋ፦

«ስማ አንተ ልጅ… ይሄ የሚጮኸው ልጅ እናት የለውም እንዴ? ሰው እንዲህ ሲጮኽ ዝም ይባላል?»

ወንድሜ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «እማዬ… ሞቷል እኮ» አላት።

«ውይ! ነፍስ ይማር!» ብላ አማተበችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታም «እስቲ መልሰው» አለችው።

መለሰው። እናትና ልጅ ሊንኪን ፓርክን ሲሰሙ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ያን ሌሊት ትዝ ያለኝ የባንግስ አንድ ጽሑፍ ነው። በ1979 ማርከስ ሐያሲያንን ሰብስቦ፣ በረሃ ደሴት ላይ ብቻችሁን ብትጣሉ ይዛችሁት የምትሄዱት አንድ አልበም የትኛው ነው ብሎ ያስጻፋቸው መጽሐፍ አለ። ባንግስ የመረጠው አስትራል ዊክስን ነው፤ ቫን ሞሪሰን በ1968፣ በ23 ዓመቱ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከጃዝ ተጫዋቾች ጋር በጥቂት ቀን የቀረጸውን። ጽሑፉ ሲጀምር ስለ ጊታር አያወራም። አልበሙ ሲወጣ እሱ ራሱ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ነው የሚነግረን፤ አእምሮውም አካሉም ደክሞ፣ ሰው ፈርቶ፣ ቤት ውስጥ ተከትቶ… ያ አልበም ጨለማው ውስጥ አብሮት የተቀመጠ ነገር ነበር። ከዚያ ዘፈኖቹን ይከፍታል፤ ዘፋኙ አንዲት ቃል ይዞ ለምን ደጋግሞ እንደሚያላምጣት፣ ሰውን እያየ ማዘን ምን ያህል እንደሚከብድ… መጨረሻው ላይ የሞሪሰንን ስንኞች ከስፔናዊው ባለቅኔ ከጋርሲያ ሎርካ ግጥም ጎን ያቆማቸዋል። ይመጥናሉ ብሎ አይከራከርም፤ አጠገብ ላጠገብ አስቀምጧቸው ይሄዳል።

በማግስቱ ለወንድሜ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠሁት። «ስለ ራስህ እንድትነግረኝ አልፈልግም» አልኩት። «አልበሙን ለእማዬ አስረዳት። በአማርኛ። የምታውቀው ነገር የለም፤ ከዜሮ ጀምርላት።»

ሦስት ቀን ምንም የለም። በአራተኛው አንድ ገጽ ሰጠኝ። ከበሮው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው ይላል፤ ዝናቡ የት ሊያመልጥ እንደሚችል የሚያውቅ በረዶ። (ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ግን እሰማዋለሁ።) ሁለቱ ድምፃውያን እንዴት እንደሚቀባበሉ፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው እንዴት አድፍጦ እንደሚጠብቅ ይነግራታል። ከዚያ ሳያስበው ይመስለኛል ስለ ጓደኛው ጫማ ይጽፋል፤ በልቅሶው ዕለት በር ላይ አይቶት ስለነበረው ጫማ። አንዷን መስመር ፈቅዶልኝ ላካፍላችሁ፦ «እሱ ሲጮኽልኝ እኔ መጮህ አይጠበቅብኝም።»

አደራ፣ ዘፈን መድኃኒት ነው እያልኳችሁ አይደለም። ወንድሜ ሐኪም ጋም ሄዷል፤ የታዘዘለትንም ወስዷል። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ የዘጋ ሰው ካለ ቶሎ ወደ ባለሙያ አድርሱት፤ በደብተር አትሸንግሉት። እኔ የምለው፣ በሩ መጀመሪያ የተከፈተው እማዬ የአልበሙን ነገር ስታነሳ ነው። ስለ እሱ ስንጠይቀው ተዘጋ፤ ስለ ዘፈኑ ሲጠየቅ ግን መልስ ነበረው።

የእኔ ጸሐፊ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ባንግስ አይደለም። ወንዶቹ ሐያሲያን ሲበዛ ይንጫጫሉ። ከ1968 እስከ 1975 ዘ ኒውዮርከር ላይ የጻፈችውን ኤለን ዊሊስን ፈልጋችሁ አንብቡልኝ፤ የዚያ የተከበረ መጽሔት የመጀመሪያዋ የፖፕ ሙዚቃ ሐያሲ እሷ ናት። ለሴቶች መብት የምትታገል ሴት ሆና ሴትን የሚዘልፍ የሮክ ዘፈን ትወድ ነበር። እንዴት ሆኖ? በ1977 ባወጣችው ጽሑፍ አንጀቷን ገልጣ ታሳያለች። ዘፋኙ የሚፈልገውን ያለ ይሉኝታ ሲጮኽ እሷንም የምትፈልገውን እንድትጠይቅ ያደፋፍራታል፤ ቃሉ ቢከፋባትም ጉልበቱን ትወስዳለች። በተቃራኒው ቃሉ ለሴት የቆመ ሆኖ ዜማው ፈሪ ከሆነ እሷንም ያስፈራታል። እኛስ ስንቴ ነው በሠርግ ላይ ግጥሙ እኛኑ በሚሸነቁጠን ዘፈን ትከሻችን እስኪወልቅ የጨፈርነው? ዊሊስ «አትጨፍሩ» አትልም፤ ስትጨፍሪ ምን እየሆንሽ እንደሆነ እይ ነው ነገሯ።

ሁሉም ንጹሕ ነው እንዳትሉ ደግሞ። ኒክ ኮን የሚባለው ጎበዝ በ1976 ስለ ብሩክሊን የዲስኮ ወጣቶች አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በዓመቱ ሳተርደይ ናይት ፊቨር የሚባለው ፊልም ተሠራበት፤ ዓለም ነጭ ሱፍ ለበሰ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ጸሐፊው ራሱ ዋናውን ሰውዬ ከጭንቅላቱ እንደፈጠረው አመነ! ባንግስ ሲፈጥር አንባቢው ጨዋታውን ያውቃል፤ ይሄኛው ግን እውነት ነው ብሎ ነው የሸጠው። ጆን ላንዳው ደግሞ በ1974 ብሩስ ስፕሪንግስቲንን ሰምቶ የሮክን መጪ ዘመን አየሁ ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ አልበሙን አብሮት ሠራ፣ ከዚያም ሥራ አስኪያጁ ሆነ። አልበሙ ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን ሐያሲው ደሞዙን ከዘፋኙ ኪስ ሲያገኝ ማንን ልመን?

ይህ ጥያቄ እኔም ጋ መጥቷል። አልበም ያወጣ አንድ የምቀርበው ልጅ «እባክሽ አንድ ጥሩ ነገር ጻፊልኝ» ብሎኝ ነበር። ሦስቱ ዘፈኖች ልብ ይበላሉ፤ የቀሩት ሌላ ሰው የዘፈናቸው ይመስላሉ አልኩት። ሁለት ወር ኩርፊያ! ከዚያ ደውሎ «የትኞቹ ሦስቱ?» አለኝ።

ወንድሜ ዛሬ ሥራ ይዟል። የባንግስን መጽሐፍ ወስዶብኝ ጠርዙን ሁሉ በእስክሪብቶ ሞልቶታል፤ ዊሊስ ትበልጣለች ስለው ይቆጣል። ሮበርት ክሪስጋው የሚባል ሌላ ሐያሲ ከ1969 ጀምሮ አልበሞችን እንደ ተማሪ ፈተና በፊደል እያረመ ውጤት ይሰጥ እንደነበር ለእማዬ ነገራት። በጣም ደስ አላት። አሁን አዲስ ነገር ባስሰማት ቁጥር እሷም ውጤት አላት፤ «ይደገም»፣ «ይሁን» እና «አጥፋው፣ ቡና ላፍላ»።