ቃል አልባው ሸክላ



ዘንድሮ መምህራንንና ወላጆችን ያከራከረን ዋና ጉዳይ የፈተና ውጤት ወይም የክፍያ ነገር አልነበረም፤ የሙዚቃ ነገር ነበር። የሙዚቃ ክበባችን ልጆች ለዓመቱ መዝጊያ በዓል «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘውን ሥራ መረጡ። ከወላጆች መካከል፣ «ልጆቻችንን ወደዚህ የምንልካቸው አማርኛ እንዲናገሩ ነው፤ አንድም ቃል የሌለበት ሙዚቃ ምን ይጠቅማቸዋል?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት ሥራው ያለበትን ሸክላ ከዳር እስከ ዳር አደመጥን።

ሸክላው «ቼ በለው» ይባላል። ዋልያስ ባንድ ተጫውቶት በካይፋ ሪከርድስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ ይጫወታሉ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሰው ግርማ በየነ ነው።

ሸክላው ከዳር እስከ ዳር እኩል ያምራል አንልም። አንዳንዱ ቁራጭ ድምፃዊ የሚዘፍነው ዜማ ሆኖ ቃሉ ብቻ የወጣለት ይመስላል። ሳክስፎኑ በዘፋኙ ቦታ ይገባል፣ ጆሯችን ግን ግጥሙን መጠበቁን አይተውም። በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው ግጥም የሌለው ዘፈን ጨው እንዳነሰው ወጥ ነው። በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች እንዲህ ያለውን ሙዚቃ የምናውቀው በሬዲዮ፣ በዝግጅቶች መካከል ክፍተት ሲሞላ ነበር።

ያም ሆኖ የተሠራበትን ጊዜ ማሰብ ይገባል። ወቅቱ ቀይ ሽብር ነበር። በአዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ባንዱ በሚጫወትበት ሂልተን ሆቴል የገባ እንግዳ እስኪነጋ አይወጣም፤ ሙዚቀኞቹም አብረው ያነጉ ነበር። አንዱ ባንድ ለእራት የሚሆን ለስላሳ ዜማም፣ እንቅልፍ የሚያባርር የጭፈራ ምትም ማቅረብ ነበረበት። የሸክላው ወጣ ገባነት ከዚያ የመጣ ይመስለናል። በዚያ ላይ የዘፈን ግጥም በሳንሱር የሚያልፍበት ዘመን ነበር። ይህን ስንል ሸክላው የተቃውሞ ሥራ ነበር ማለታችን አይደለም። ቃል በሚያስፈራበት ጊዜ ግን ያለ ቃል ሙሉ ሸክላ መሥራት፣ አድማጭንም ይዞ ማቆየት፣ ቀላል ሙከራ አልነበረም። «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ሲደርስ ሙከራው ፍሬ ያፈራል፤ እዚያ ጆሯችን ዘፋኝ መጠበቁን ይረሳል።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ሸክላው እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና ሲታተም የዓለም ወጣቶች አጨበጨቡለት። የውጭ ሰው ስላደነቀው ብቻ እናድንቀው አንልም፤ የእኛ ሚዛን እነዚህ የፓርክላንድስ ልጆች ናቸው።

ልጆቻችን በደጃቸው ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛና ጉጅራቲ ይሰማሉ፤ የማታቱው ሙዚቃም ጆሯቸውን ይሞላል። አማርኛ ሲናገሩ የሚሸማቀቁ አሉ። እነዚያው ልጆች ይህን ዜማ ሲሰሙ የት እንደሚያጨበጭቡ የነገራቸው ማንም የለም፤ ከሠርግና ከበዓል ያገኙት ነው። ከዚያም ጥያቄው መጣ፦ «ቼ ማለት ምንድን ነው?» ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያስጋልብበት ቃል መሆኑን ስንነግራቸው፣ አንዷ ተማሪ ፈረስ ያየችው በንጎንግ የእሽቅድምድም ሜዳ ብቻ እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉግስ፣ ስለ ፈረስ ስም፣ ስለ አያቶቻቸው አገር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በአማርኛ ተወራ። ቃል አልባው ሸክላ ቃል ጠራ።

ቢሆንም ጆሮ የአፍን ሥራ አይሠራም። ቅሬታ ያቀረቡት ወላጆች በዚህ ልክ ናቸው፤ በዜማ ብቻ የቀረ ልጅ ከአያቱ ጋር በስልክ አያወራም። ስለዚህ ከወላጆች ጋር ተስማማን፦ ልጆቹ ሙዚቃውን ይጫወቱ፣ ከመጫወታቸው በፊት ግን እያንዳንዳቸው ስለ ሥራው የሚያውቁትን በራሳቸው አማርኛ ለታዳሚው ይናገሩ። ተናገሩም። ቃል የጠፋባቸውን አዳራሹ አቀበላቸው፤ የሳቀባቸው አልነበረም።

ወላጆች ሆይ፣ ለመጪው የዕረፍት ጊዜ የምንሰጠው የቤት ሥራ የእናንተ ነው። ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ የቆየ ሙዚቃ አዳምጡ። ሲያልቅ ለልጆቻችሁ በአማርኛ የምትነግሯቸው አይጠፋም፦ የት እንደሰማችሁት፣ ከማን ጋር እንደነበራችሁ፣ ያ ሰው ዛሬ የት እንዳለ። የሸክላው ጎዶሎ የሚሞላው በእናንተ ቃል ነውና።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።