መሃረባቸውን የፈቱት እንግዳ

መካነ ሰላም ስማር ከገጠር ተሸክሜ የመጣሁት ስንቅ ሳምንቱን አያደርሰኝም ነበር። ሲያልቅብኝ ያስጠጉኝ ሽማግሌ ከመሶባቸው ያበሉኝ ነበር። ዝምድናችን የሩቅ ነው፤ አንድ ቀንም ግን አልቆጠሩብኝም።

ከዓመታት በኋላ ለሕክምና አዲስ አበባ መጡ። ቤቴ መውሰድ ሲገባኝ ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ምሳ ጋበዝኳቸው። ታሪካዊ ቤት ይዩ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። የተከራየኋት አንዲት ክፍል አሳፍራኛለች። ከዚያ ይልቅ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ የማዝዝ ሰው መሆኔን እንዲያዩልኝ ፈልጌያለሁ።

ረቡዕ ስለነበር የጾም ምግብ አንስተን ተቀመጥን። እኔ አስረጂ ሆንኩ። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. እንዳሠሩት፣ በጥር 2007 ቃጠሎ እንደጎዳው ነገርኳቸው። መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ መግዛትን እንደ ነውር ቆጥረው ሲያመነቱ፣ አጤ ምኒልክ ራሳቸው በልተው ከፍለው አለመዷቸው የሚባለውንም ጨመርኩ። የተረክሁት የመኳንንቱን አለማወቅ ለማሳየት ነበር።

«እውነታቸውን እኮ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እንግዳ እንጀራ ይገዛል እንዴ?»

ሂሳቡ ሲመጣ መሃረባቸውን ፈቱ። «የእኔን ልክፈል፣ ልጄ» አሉ።

ጥፋቴ የገባኝ ያኔ ነው። ወዲያው ገባኝ ብል ግን ራሴን አሳምራለሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ አስተናጋጁ አየን የሚል እፍረት ነበር። አስተናጋጁ ዞር ካለ በኋላ ነው ነገሩን ያየሁት። ቤቴ ቢሆን ኖሮ መሃረባቸውን አይፈቱም ነበር። ደጄን ስላላሳየኋቸው የእኔ እንግዳ መሆናቸውን አላወቁም።

ሂሳቡን ከፈልኩ፤ ይህ ግን ምንም አላቃለለም። ያን ምሽት መርካቶ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ይዘው እንደሚያድሩ እያወቅሁ፣ «ከእኔ ዘንድ ይደሩ» አላልኩም። ጥፋቴ ገብቶኝ ሳለ እንኳ ክፍሌን ደበቅሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን ባለማስተዋል ባመካኘው፣ ይህኛውን አውቄ ነው ያደረግሁት።

ይቅርታ አልለምንም። ያበላችሁ ሰው ከአገር ቤት ሲመጣ ግን፣ ክፍላችሁ ብትጠብም መጀመሪያ ቤታችሁ አስገቡት። ሆቴሉን በማግስቱ ታሳዩታላችሁ።