ቻይ ነው የተባለው ዓሣ

ስለ ገነት ዓሣ ማንን ብትጠይቁ መልሱ በአንድ ቃል ይጀምራል፦ ቻይ ነው። ብርድ ይችላል። የደፈረሰ ውኃ ይችላል። ሌላው ዓሣ አፉን ከፍቶ በሚሞትበት ኩሬ እሱ ይኖራል። ለእኔ የሸጠልኝ ሰውዬም ከአንድ ሊትር የማትበልጥ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጦት፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ምንም አይፈልግም» ነበር ያለኝ።

ዝናው ከመሬት የመጣ አይደለም። ሀገሩ ደቡብ ቻይና፣ ታይዋንና ሰሜን ቬትናም ነው፤ ቤቱም የሩዝ ማሳ፣ የመስኖ ቦይና ረግረግ። ሊኒየስ ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶ የመዘገበው በ1758 እ.ኤ.አ. ነው። በ1869 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመርከብ ከቻይና ፓሪስ ገባ፤ እዚያም ፒዬር ካርቦኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ አራባው። ከወርቃማው ዓሣ ቀጥሎ አውሮፓ ሳሎን ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ጌጠኛ ዓሦች አንዱ ነው። ያኔ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የለ፣ ፊልተር የለ። ያንን ሁሉ ባሕር አቋርጦ በሕይወት የደረሰው አየር መተንፈስ ስለሚችል ነው።

ከስንጥቡ በላይ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ላቢሪንት የሚባል የተጠማዘዘና በደም ሥር የተሞላ ክፍል አለው። ወደ ላይ ብቅ ይልና አንድ ጉንጭ አየር ወስዶ ይመለሳል። ወደ ውኃው ገጽ እንዳይወጣ ከከለከላችሁት ይሰጥማል። አዎ፣ ዓሣ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። የእኛው አምባዛም አየር የሚተነፍስበት ክፍል አለው፤ ቅርጹ ይለያል እንጂ ብልሃቱ ተመሳሳይ ነው።

እኔም የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከእማዬ ጋር የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ውኃውም የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል። ክረምት ላይ ጠዋት ስነሳ የአኳሪየሙ ቴርሞሜትር 18 ዲግሪ ያሳያል። ሙቀት ለለመደ ዓሣ ይሄ መከራ ነው። ለገነት ዓሣ ግን ተራ ጠዋት ነው።

ታዲያ «ምንም አይፈልግም» የሚለው ነገር ውስጥ አንድ የተደበቀ ስሌት አለ። አየር መተንፈሱ ከኦክስጅን እጥረት ያድነዋል፤ ከአሞኒያ ግን አያድነውም። ከራሱ ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ይሄን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፊልተሩ ውስጥ ለመደራጀት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ብልቃጥ ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። እዚያ ያለው ዓሣ ይተነፍሳል፣ ይበላል፣ ይንቀሳቀሳል፤ ግን ቀስ እያለ ይቃጠላል። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ሰርቨሩ ፒንግ ሲደረግ ይመልሳል፤ ያ ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

ባዶ ሆኖ ለሳምንታት ሲዘጋጅ ወደቆየ 80 ሊትር አኳሪየም አስገባሁት። ቅጠላ ቅጠል ተከልኩበት፤ ስለሚዘል ከላይ ክዳን አደረግኩ። ሲመጣ አመድ መሳይ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጎኑ ላይ ሰማያዊና ቀይ መስመሮች ወጡ፣ የጭራው ጫፎች እንደ ክር ረዘሙ። ብልቃጡ ውስጥ ግን ማንም አይቶት «ታሟል» አይልም ነበር። ሐንጋሪያዊው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ቪልሞስ ቻኒ ይሄንኑ ዓሣ ለዓመታት አጥንቷል። ዓሣው ዓይን የሚመስሉ ሁለት ነጠብጣቦችን ሲያይ እንዴት ጠላት እንደሚጠረጥር፣ ከፍርሃቱም እንዴት እንደሚማር ታይቷል። ዝም ስላለ የማይሰማው ፍጥረት አይደለም።

ሴት ሳመጣለት ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ወንዱ ውኃው ላይ የአረፋ ጎጆ ሠራ። ከጎጆው ስር ሰውነቱን ጠቅልሎ አቀፋት፤ የተጣሉትን እንቁላሎች በአፉ እየለቀመ አረፋው ውስጥ ከተተ። ከዚያ በኋላ ሴቷን ሊያሳያት አይፈልግም፤ ጠባብ ቦታ ከሆነ እስከ መግደል ይደርሳል። እሷን ወዲያው ወደ ሌላ መያዣ አወጣኋት። በሁለት ቀን ገደማ ተፈለፈሉ። የሚወድቀውን ጫጩት በአፉ እያነሳ ሲመልስ እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባትየው ነው?»

«አዎ።»

«ይበላል ግን?»

እማዬ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይሄን ነው።

ቻይ የተባለ ነገር ሁሉ የሚደርስበት ይሄው ነው፤ ስለሚችል ይቀነስበታል። ዓሣውም በሀገሩ ያጋጠመው ከዚህ የራቀ አይደለም። ታይዋን ውስጥ ማሳው በፀረ ተባይ ሲረጭና ረግረጉ ሲጠፋ ቁጥሩ ተመናምኖ፣ በሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። የመቻልም ልክ አለው። ችግሩ፣ ልኩ ጋ ሲደርስ ቻዩ አይጮህም። የሚታየው ቀለሙ ላይ ነው፤ እሱም ቀለሙን ለሚያውቅ ሰው።

እማዬ ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። «እንዴት ነው?» ስትባል መልሷ አንድ ነው፦ «ኧረ እችለዋለሁ ልጄ።» ይሄን መልስ የማትለው ሰው የለም፤ ለጎረቤትም፣ ለሐኪምም።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስትገባ ፌስታሉን ተቀበልኳትና እንዴት ነሽ አላልኳትም።

«እማዬ፣ ደረጃውን ስትወጪ ስንት ቦታ ቆምሽ?»

ትንሽ አሰበች። በጣቷ ቆጠረች።

«ሦስት ቦታ» አለች። «አምና እንኳን አንዴም አልቆምም ነበር።»