ሁለቱ የጉማራ እንግዶቼ

ባለፈው ጥቅምት ከወገዳ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ አውቶቡሳችን ጎማው ፈንድቶ ከጉማራ ድልድይ አጠገብ ቆመ። ከወንዙ ዳር ልጆች በነጠላ ቁራጭ ጣት የሚያህሉ ዓሦች ያጠምዳሉ። ሦስቱን ከነነፍሳቸው ገዝቼ በጀሪካን ያዝኩ። አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ አዲስ አበባ ሥጋ ጠፍቶ ነውን?» አሉኝ።

የደረስኩ ለታ ማታ የመስታወት ገንዳ በቧንቧ ውሃ ሞልቼ ጨመርኳቸው። ሲነጋ አንዱ ሞቶ ተንሳፏል። ሬሳውን ይዤ የባዮሎጂ መምህሬ ዘንድ ብሄድ፣ ገዳዩ ክሎሪን ነው፤ የቧንቧ ውሃ በክፍት ባልዲ አንድ ሙሉ ቀን ሊያድር ይገባው ነበር አሉኝ። ከአገጩ ሥር ያለውንም ክብ ሥጋ አሳዩኝ። በዚህ ድንጋይ ላይ እየተጣበቀ ፈጣን ውሃ የሚቋቋም፣ ጋራ የሚባል ወገን ኖሯል።

የቀሩት ሁለቱ ግን ጢማሞች ናቸው፤ አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሉት ዘር። ከዚያ በላይ ስማቸውን አትጠይቁኝ። የሆላንድ ሊቃውንት ናገልከርከና ሲቢንግ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2000 የጣናን ነጭ ዓሣ በ15 ያህል ዝርያ ለይተው ጽፈዋል፤ መለያው ግን በይበልጥ የራስና የአፍ ቅርፅ ስለ ሆነ ጫጩቶቹ ያስቸግራሉ። አንዳንዱ አድጎ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ይህን ስሰማ ገንዳዬን ለካሁ፤ አራት ስንዝር!

ቆየት ብሎም ሁለቱ ውሃው ፊት ላይ ያለከልኩ ጀመር። ለካስ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። ኩሳቸውም ወደ አሞንያ ይለወጣል፤ ይህን መርዝ የሚያበርዱት በአሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ደግሞ ለመደራጀት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። እስኪደራጁ ድረስ በየማለዳው ውሃ ተሸካሚ ሆንኩ። የባሕር ዓሣ የሚያሳድግ ሰው በየሊትሩ 35 ግራም ያህል ጨው ይለካል፤ ከዚህስ እንኳን ዳንኩ።

ለገና ዕረፍት ወስጄ በሰፈራችን ጅረት ልለቃቸው ቈርጬ ነበር። ጽድቅ የምሠራ መስሎኝ! መምህሬ ካርታ ዘረጉ። ጉማራ ከጉና ተነሥቶ ጣና ይገባል፤ የስማዳ ወንዞች ግን በበሽሎና በዓባይ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ይወርዳሉ። አብዛኞቹ የጣና ነጭ ዓሦች በሌላ አገር የማይገኙት ያ 40 ሜትር ያህል ገደል ከታችኞቹ ስለ ለያቸው ነው። እግዜር የለየውን እኔ በጀሪካን ላቀላቅል? ወደ ጉማራ ልመልሳቸው ብል ደግሞ የገንዳ በሽታ ይዘው ይገባሉ። የመኝታ ጓደኛዬ፣ «ጠብሰህ ብላቸው» አለ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም።

እንግዲህ ከእኔው ጋር ናቸው። የሚበልጥ ገንዳ በዱቤ አሠርቻለሁ። በሐምሌ ዘመዶቻቸው ሊወልዱ ከጣና ጉማራን ሽቅብ ሲወጡ እኔ ወገዳ ነኝ፤ ስለዚህ ጠባቂ ወንድም ወይም እኅት እፈልጋለሁ። በቀን አንዴ ቁንጥር ምግብ፣ በሳምንት አንዴ ሩቡን ውሃ መለወጥ ነው፤ ውሃው ያደረ ይሁን። ዳቦ አትስጧቸው።